ልጄ በመስከረም ነርሰሪ ትገባለች፤ ምን ምን ልብስ ላዘጋጅላት? (የጅማ ወላጆች)

የሚጡ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፣ በመስከረም ነርሰሪ ትገባለች። እስካሁን ቤት ከአኮዋ (ከአያቷ) ጋር ስለምትውል ልብስ አሳስቦኝ አያውቅም፤ ያገኘችውን አጥልቃ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ትውላለች። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከዳይፐር የወጣችው በቅርቡ ነው። ሽንቷ ሲመጣ ትናገራለች፣ ግን ከተናገረች በኋላ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ነው። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የሚጠይቀው ከኬጂ ጀምሮ ነው፤ የነርሰሪዎቹን ወላጆች የሚመቻቸውን አልብሱ ብለው ብቻ አሰናበቱን።

እስቲ ያለፋችሁበት ንገሩኝ። ስንት ቅያሪ ይበቃል? ጫማው ምን ዓይነት ይሁን? ሳልባጅ ልግዛ ወይስ አዲስ? አኮዋ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያንን ለበዓል የተገዛላትን ባለ መረብ ቀሚስ ካልለበሰች ብለው ይዘውኛል። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ፤ የጅማን መስከረም ታውቁታላችሁ።

ቆጪ ሰፈር

እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። የሁለት ወንዶች እናት ነኝ፣ ትንሹ የገባው አምና ነው። ከሁሉም በፊት ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ግዢ። ቁልፍ የሌለው፣ ዚፕ የሌለው፣ ቀበቶ የማይፈልግ። ቱታ በይው፣ የቤት ሱሪ በይው፣ ብቻ አውራ ጣቷን አስገብታ ወደ ታች ስትገፋው የሚወርድ ይሁን። ሳሎፔት ሲያዩት ያምራል፣ ፎቶ ላይም ያምራል፣ ሽንት ቤት በር ላይ ግን ሁለቱ ማንጠልጠያ ተፈትቶ እስኪወርድ ያለቀለት ነው። በጣም የሚጣበቅ ታይትም ተጠንቀቂ፤ ደረቅ ሲሆን ይወርዳል፣ ትንሽ ከረጠበ ግን ከእግሯ አልላቀቅ ይላል።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ልብሱን ቤት ውስጥ አለብሰውና «እስቲ ራስህ አውልቀው» እለዋለሁ። እሱ ካወረደው ለነርሰሪ ይሆናል፤ እኔን ከጠራኝ ለእሁድ ነው። መልበሱ እንኳን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ማውረዱ ነው መቅደም ያለበት። ካናቴራውም አንገቱ ሰፋ ይበል። የልጆች ጭንቅላት ትልቅ ነው፣ አንገቱ የጠበበ ነገር ሲወጣ ጆሯቸውን ይዞ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ ልብስ መቀየር ባሉ ቁጥር ለቅሶ ነው።

ሚስ ነርሰሪ

እዚሁ ጅማ አንድ ነርሰሪ ውስጥ ረዳት ነኝ። ቆጪ ሰፈር ያለችው በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ከውስጥ የማየውን ልጨምር።

አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ነው ያለው፣ እጃችን ደግሞ ጥቂት ነው። ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ «ሽንቴ መጣ» ሲል አንዱን ይዘን ሌላው ይቆማል። አምና ጂንስ ከነቁልፉ ለብሶ የሚመጣ ልጅ ነበር። አዋቂ እንኳን የሚታገለው ዓይነት የብረት ቁልፍ። አንድ ቀን ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆኜ አየሁት። ቆሟል። ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል ያየዋል፣ እግሮቹን አጣምሯል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ አይጣራም። እስክደርስለት ውሃው በሱሪው ወርዶ ካልሲው ውስጥ ገብቷል። ያለቀሰው ስለረጠበ አይመስለኝም፤ ልጆቹ ዞረው ስላዩት ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት በር ላይ አልገባም ይል ነበር። እናቱ ልጁ ትምህርት ቤቱን ጠላ ብላ ተጨነቀች። የጠላው ሱሪውን ነበር። ባለ ላስቲክ ተገዛለት፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ እባካችሁ ለነርሰሪ ልብስ ስትመርጡ በእኛ እጅ አትመኑ፣ በልጁ እጅ ተማመኑ።

ቅያሪን በተመለከተ ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሱሪ፣ ሁለት የውስጥ ሱሪ፣ አንድ ካናቴራና ሁለት ጥንድ ካልሲ ይኑር። ሱሪው ከካናቴራው ይበልጣል ምክንያቱም ቶሎ የሚረጥበው እሱ ነው። ለእርጥቡ ደግሞ ለብቻው ከረጢት አስገቡ፤ አለበለዚያ እርጥቡ ደረቁን ያበሰብሰዋል። ማታ ማታ ቦርሳውን ክፈቱት። ቅያሪው ወጥቶ ሳይተካ ቀርቶ ልጅቷ በሌላ ልጅ ሱሪ ወደ ቤት የምትሄድበት ቀን ብዙ ነው።

ስም ይጻፍበት። ሁሉም ልብስ ላይ፣ ካልሲውም ላይ ጭምር። ሰማያዊ ሹራብ በአንድ ጠዋት ስድስት ይሆናል፣ ልጆቹ ደግሞ የራሳቸውን አይለዩም፣ «ያንተ ነው?» ስትዪው ሁሉም «አዎ» ነው መልሱ። በማይለቅ ማርከር መለያው ላይ መጻፍ ይቻላል፣ በክር መጥለፍ ግን ይሻላል፣ አጠባ አያጠፋውም።

ስለ ጠዋቱ ብርድ ደግሞ አንድ ወፍራም ነገር ከማልበስ ሁለት ስስ ነገር ማደራረብ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጅማ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ 6 ሰዓት ሲሆን ልጆቹ በላብ ይጠመቃሉ። ከፊት የሚከፈት ሹራብ ከሆነ በቀላሉ ይወልቃል። ወፍራሙን ጃኬት ብቻ ለብሶ የመጣው ልጅ ግን ወይ ይሞቀዋል ወይ ይበርደዋል፣ መሃል የለውም።

ባጃጅ አባት

እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ የራሴም ልጅ ነርሰሪ ነች። ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ጠዋት ጠዋት ልጆች አመላልሳለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፤ ዝናብ ባይዘንብ እንኳን ከመንገዱ የሚረጨው ጭቃ ውሃ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ልጅቷ የምትውልበትን ጫማ ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ በመንገድ ላይ ቦቲ አድርጉላት፣ በር ላይ ቀይሩላት። ጃንጥላ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ኮፍያ ያለው አጭር የዝናብ ልብስ ይበቃል፣ ረጅሙ ግን እግር ውስጥ እየገባ ይጥላቸዋል። ሁለተኛ፣ የሚንጠለጠል ሻርፕና ገመድ ለባጃጅ አታልብሱ። ጎን ላይ ከተቀመጠች ልጅ ወደ ውጭ የሚውለበለብ ነገር ሳይ ልቤ ይመታል፣ ሁልጊዜ አቁሜ ነው የማስገባው።

የሚጡ እናት

ሁላችሁም ይመቻችሁ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ሚስ፣ የዚያ ልጅ ነገር አንጀቴን በላው። ጫማውን ማንም በደንብ አልነገረኝም ግን። ሰው ሁሉ ኮንጎ ጫማ ግዢላት ይለኛል፣ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለ ግዢ፣ እስከ ሚያዝያ ይሆናታል ይላል።

ነርሷ

እህቴ፣ ስለ ጫማው እኔ ልመልስልሽ፣ የሙያዬም ነገር ስላለበት።

ኮንጎ ጫማ ለመንገድና ለውሃ ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለመዋል ግን አይሆንም። አየር አያስገባም፣ እግሯ ያልበዋል፣ ጠርዙ ተረከዟን ይልጣል። ለመዋያ ጣቷን የሚሸፍን፣ ሶሉ የሚተጣጠፍና የማያንሸራትት፣ በማጣበቂያ የሚዘጋ ጫማ ፈልጊ። ክር ያለውን እስከ አምስትና ስድስት ዓመቷ እርሺው፤ እሷ አታስረውም፣ ሲፈታ ደግሞ ረግጣው ትወድቃለች።

ልኩን እንዲህ ውሰጂ። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ላይ ቀጥ ብላ አቁሚያትና ሁለቱንም እግሯን በእርሳስ ክበቢው። ቁማ መሆኑን አትርሺ፣ ስትቀመጥ እግር ያጥራል። ከሁለቱ የበለጠውን ያዢ። ጫማው ውስጥ ከረጅሙ ጣቷ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ይቅር፣ ከዚያ አይብለጥ። ወረቀቱን ቆርጠሽ ገበያ ይዘሽ ሂጂና ጫማው ውስጥ አስገቢው፣ ከታጠፈ ጠቧታል ማለት ነው። እስከ ሚያዝያ ይሆናታል ብለው ሁለት ቁጥር ከፍ የሚያደርጉት ልጅ ጣቱን ጠምዝዞ ነው የሚሄደው፣ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። በዚህ ዕድሜ እግር ቶሎ ያድጋል፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ለኩት።

ሳልባጅ ጫማ ላይ ቁጥብ ነኝ። ልብስ ችግር የለውም። ጫማ ግን የቀድሞው ልጅ አረማመድ ቅርጹን ሰጥቶታል። ሶሉ በአንድ ጎን ከተበላ ተዪው። ገንዘብሽ ለአንድ አዲስ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጫማው ላይ አውይው።

እና ግቢው ቀይ አፈር ከሆነ በባዶ እግሯ አትዋል። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔ ያመጣል፣ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ብዙ ሰው የተጎዳበት ነገር ነው። አንድ ቀን ጭቃ ረገጠች ብለሽ አትደንግጪ፣ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። ሙጀሌ ግን ዓመት አይጠብቅም፣ የመንጠቆ ትልም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ማታ እግሯን ስታጥቢ በጣቶቿ መሃል እዪ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ሰው ቀለል አድርጎ ያየዋል። የኮፍያና የአንገት ገመድ። ሳልባጅ ላይ ኮፍያው በገመድ የሚሰበሰብ ጃኬት ብዙ ነው። ያ ገመድ ሸርተቴ ላይ ወይም አጥር ላይ ሲያዝ ልጅ ያንቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ገመዱ ከልጆች ልብስ እንዲወጣ መመሪያ ያወጣችው ልጆች ሞተውበት ነው፤ የአውሮፓም መስፈርት ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ አይፈቅድም። እኛ ጋ ግን አሮጌውም አዲሱም ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰው። ገመዱን ሳብ አድርገሽ አውጪው፣ አለቀ። ቀዳዳው ቢቀር ምንም አይደል።

ወፍራም የናይለን ማተብና የአንገት ሐብልም እንደዚያው ያሳስበኛል፣ በተለይ በእንቅልፍ ሰዓት። ፀጉሯ ጫፍ ላይ ጨሌ ካለም ለነርሰሪ ይውለቅ። ሲበጠስ መጀመሪያ የሚገባው አፍ ውስጥ ነው።

የገብርኤል ጎረቤት

ነርሷ፣ ስለ ሌላው አመሰግናለሁ፣ ማተቡን ግን ተዉልን። ልጄ በክርስትናው ቀን የታሰረለት ነው፣ ለነርሰሪ ብዬ አልበጥስም።

ነርሷ

አይበጠስ ወንድሜ፣ እኔም አሥሬያለሁ። ያልኩት ወፍራም ናይለኑን ነው። ናይለን ልጁ ቢንጠለጠልበት አይበጠስም፣ ችግሩ እሱ ነው።

እትዬ

ልጆቼ፣ እኔ ያሳደግኳቸው አሁን የራሳቸውን ልጅ ወልደዋል። የጥንቱ ማተብ የጥጥ ክር ነበር። በእጅ የተፈተለ ስስ ክር ነው፣ ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ሌላ ይታሰራል፣ ጸሎቱ ከክሩ ጋር አይሄድም። እስከ ደረት የሚንጠለጠለው ናይለን ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የገብርኤል ጎረቤት፣ ልጄ፣ ስስ የጥጥ ክር እሰርለት፣ ከአንገቱ እምብዛም አይውረድ፣ ሁለት ጣት ግን ያስገባ። ነርሷም ደስ ይላታል፣ አንተም ማተብህን አልተውክም።

የገብርኤል ጎረቤት

እሺ እትዬ። ይሄ ይሆናል። ነገውኑ እቀይርለታለሁ።

ኪቶ ሰፈር

ይህ ከተነሳ እኛም ጋ ያለውን ላንሳ። አንዳንድ ቤት አያቶች ለልጅ አንገት ላይ ክታብ ያንጠለጥላሉ፣ ለእሱም የእትዬ ምክር ይሠራል። ትንንሽ ሴቶች ልጆች ደግሞ እናታቸውን አይተው ሂጃብ ካልለበስኩ ይላሉ፣ የእኔዋ እንደዚያ ናት። በዚህ ዕድሜ ግዴታ የለባትም፣ ደስ ካላት ግን በስፒል የሚያዘውን ሳይሆን በጭንቅላት የሚጠለቀውን ትልበስ። ስፒል የሚባል ነገር ነርሰሪ በር አይግባ። ከአገጭ ሥር የሚታሰርም አይሁን። ጨርቁ ስስ ጥጥ ከሆነ ስትጫወት አይሞቃትም። ለእንቅልፍ ሰዓት እንዲወልቅ ለሚሷ ንገሪያት፣ ይሰማሉ።

አጂፕ

ሁሉንም አነበብኩ። ግን አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ሰው ልብስ አይቶ ነው ልጅ የሚያከብረው። ያደግኩት ድህነት ውስጥ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በልብሴ ምን እንደተባልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። ላስቲክ ሱሪ፣ ሳልባጅ ትላላችሁ፤ ሌሎቹ ልጆች ተውበው ሲመጡ የእኔ በቤት ሱሪ ይግባ? የሚያምር ልብስ ማልበስ አቅም ካለኝ ለምን እከለከላለሁ? የሚጡ አያትም ቀሚሱን ትልበስ ያሉት ከፍቅር ነው።

ሚስ ነርሰሪ

አጂፕ፣ ያልከው ይገባኛል፣ ከልብህ እንደሆነም ያስታውቃል። የሆነውን ልንገርህ። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆች አንዳቸው የሌላውን ልብስ ዋጋ አያውቁም። ሥዕል ያለበት ካናቴራ ያዩና «አንበሳ!» ይላሉ፣ አለቀ። የሚያየው ትልቁ ሰው ነው። ትልቁ ሰው ደግሞ የሚያየው ንጹሕ መሆኑንና አለመቀደዱን ነው። ንጹሕ የቤት ሱሪ ለብሶ የመጣን ልጅ ዝቅ አድርጋ የምታይ መምህር ካለች ችግሩ የእሷ ነው፣ ልጅህንም ከዚያ አውጣው።

ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውድ ልብስ ለብሰው የሚመጡ ልጆች ጠዋት በር ላይ «እንዳይቆሽሽብሽ» ተብለው ነው የሚገቡት። ቃሉን ይይዙታል። ሌሎቹ አሸዋው ውስጥ ተንበርክከው ሲቆፍሩ አንዷ ዳር ቆማ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ ታያለች። ነይ እላታለሁ። «እማዬ ትቆጣለች» ትለኛለች። ቀለም ስናወጣም እጇን ወደ ኋላ ትደብቃለች። ይህን በየዓመቱ አያለሁ፣ በየዓመቱም ያሳዝነኛል። ነርሰሪ የሚመጡት ሊቆፍሩ፣ ሊያፈሱ፣ ሊወድቁ፣ ሊነሱ ነው፤ ልብሱ ይህን ከከለከላት ምን ልትማር መጣች? አንተ በልጅነትህ ያልተፈቀደልህን ነገር ለልጅህ መስጠት ከፈለግክ እንደፈለገ እንዲቆሽሽ ፍቀድለት። ማታ ታጥቦ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ይምጣ። በወላጆች ቀን ደግሞ አሳምረህ አምጣው፣ እኛም እናጨበጭባለን።

አጂፕ

የቀሚሷን ጫፍ ይዛ የምትቆመዋ ልጅ ነገር ገባኝ። ለበዓልና ለወላጆች ቀን አሳምረዋለሁ፣ ለአዘቦቱ ያላችሁትን አደርጋለሁ። ቱታው ግን አዲስ ይሆናል፣ በዚያ አልደራደርም።

ቦሳ

የአዘቦቱ ከሆነ እንግዲህ አጠባውን እናውራ፣ ጅማ ላይ ዋናው ጣጣ እሱ ነውና። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ ለሌላ አገር የተሰጠ ምክር እዚህ አይሠራም። ጂንስ በክረምት ታጥቦ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ በሦስተኛው ቀን ሻግቶ ይሸታል። ስስ ጥጥና ስስ ቱታ ግን ማታ ታጥቦ በደንብ ከተጨመቀና ቤት ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ከተሰጣ ጠዋት ለመተኮስ ይደርሳል። ተኩሱ የቀረውን እርጥበት ያወጣል። የልጅ ልብስ ለማድረቅ ብላችሁ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ቀይ ጭቃ የነካው ልብስ ወዲያው ውሃ ውስጥ አይገባም። ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በብሩሽ አራግፉት፣ አብዛኛው ይወርዳል፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እሹት። በረኪና አታድርጉበት። የአፈሩ ቅላት ከብረት ዝገት ነው የሚመጣው፣ በረኪና ደግሞ ዝገቱን ከማስለቀቅ ይልቅ ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ለቀረው ነጠብጣብ ሎሚና ጨው አድርጋችሁ ትንሽ ጊዜ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ፀሐይ ከተገኘ ማለቴ ነው።

አቮካዶ ሌላው ነው። እዚህ ልጆቻችን አቮካዶ የማይበሉበት ቀን የለም፣ ነርሰሪም ይቋጠርላቸዋል። ሲፈስ አረንጓዴ ነው፣ ካደረ ይጠቁራል፣ ከጠቆረ አይለቅም። ሚስ፣ እናንተ ጋ ሲፈስ ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁበት እኛ ማታ እንጨርሰዋለን። ቀለሙንም ስለዚህ ቡናማ፣ ደማቅ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዝንጉርጉር ብትመርጡ ይሻላል። ነጭ ካልሲ የሚያስገድድ ትምህርት ቤት ካለ እባካችሁ ወላጆች ተሰብስባችሁ ተነጋገሩበት።

ልብስ ሰፊው

መርካቶ አካባቢ ነው የምሰፋው። እናንተ የዘረዘራችሁትን ሁሉ አዲስ ለመግዛት ብትሞክሩ ዋጋው እሳት ነው። ለዚህ ዕድሜ ሳልባጅ ያዋጣል፣ ልጆች ሳይጨርሱት ያድጉበታልና ብዙው ያልተበላ ነው የሚመጣው። ሲመርጡ እንዲህ ይመርጡ። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንሥተው ጉልበቱንና መቀመጫውን ይዩ፣ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ይተዉት። በጉያው በኩል ያለውን ስፌት በሁለት እጅ ይሳቡ፣ ክሩ ከተንጫጫ አይቆይም። ላስቲኩ የላላ ከሆነ ግን አይተዉት፣ ላስቲክ መቀየር የአፍታ ሥራ ነው። ጂንስም ቢሆን ጨርቁ ከወደዱት ወገቡን ቆርጬ ላስቲክ አስገባለታለሁ።

ጥጥ ነው የሚሉት ሁሉ ጥጥ አይደለም። ጠብታ ውሃ ያድርጉበት። ጥጥ ይጠጣዋል፣ ናይለን ላዩ ላይ ያንከባልለዋል። ካልታመኑ ከውስጥ ስፌቱ ጫፍ ክር መዝዘው ክብሪት ያስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይፈርሳል። ናይለን ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ከውስጥ የሚለበሰው ጥጥ ይሁን፣ ከላይ የሚደረበው ቢቀላቀል ግድ የለም፣ ቶሎ ይደርቃል።

ርዝመቱ ከበለጠ አታስቆርጡ። ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ፣ ስታድግ ይፈታል። ጉልበቱ ላይ ከውስጥ በኩል ሌላ ጨርቅ ቢደረብበት ዓመት ያልፋል፣ ከውጭ አይታይም። የሱሪውም የካናቴራውም ፊት ላይ ከውስጥ አንድ ቀይ ክር እጠልፋለሁ፣ ልጁ ቀዩ ሆዴ ጋ ብሎ ይለብሰዋል። በአንዴ ይገባቸዋል።

ፈርጥና ጌጥ ቁልፍ ያለበት ከሆነ አንድ በአንድ ጎትተው ይዩት። የላላውን አጠንክሬ እሰፋዋለሁ፣ ካልሆነም አወጣዋለሁ።

ነርሷ

ልብስ ሰፊው እግዜር ይስጥልን። ሳልባጁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሳይታጠብ አይለበስ። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከወጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ቀን አያልፍም፣ ሙቀትም አይችልም። ቢያንስ 50 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ አጥቦ መተኮስ ነው። ሙቅ ውሃ የማይችል ልብስ ከሆነ ከረጢት ውስጥ አስሮ ለሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ ማጠብ። ካልሲ ሲሆን ደግሞ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የተፈታ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ያቆማል።

አዲስ አባት

ይቅርታ፣ ለሌላ ጥያቄ። የእኔ ልጅ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ገና ዳይፐር ላይ ነው። ይቀበሉታል የተባለ ቦታ አግኝቻለሁ። ለእሱም ይሄ ይሠራል?

ሚስ ነርሰሪ

ይሠራል ወንድሜ። ለእሱ ደግሞ ሱሪው ከዳይፐሩ በላይ እንዲሆን ከመቀመጫው ሰፋ ይበል፣ ያው ላስቲክ። ከታች የሚቆለፍ ሙሉ ልብስ ለመንገድ ይመቻል፣ ውሎው ላይ ግን ሱሪና ካናቴራ ለየብቻ ይሻላል፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይተርፋል። ቁጥሩን በእኛ ግምት አትተውት፣ በቀን ስንት እንደሚጨርስ ቤት አይታችሁ ከዚያ አንድ ጨምራችሁ ላኩ። ከዳይፐር ማውጣት ስትጀምሩ ንገሩን፣ ቤት ወጥቶ እኛ ጋ ተመልሶ ከገባ ልጁ ግራ ይገባዋል።

የሚጡ እናት

አንብቤ ጨረስኩ፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ሐሙስ ሕርማታ ገበያ እወርዳለሁ። ያሰብኩት ባለ ላስቲክ ሱሪ አራት፣ ካናቴራ አራት፣ ከፊት የሚከፈት ሹራብ ሁለት፣ ሁሉም ሳልባጅ። ጫማው አዲስ፣ በወረቀቱ ልክ። ቦቲና አጭር የዝናብ ልብስ ለመንገዱ። ትናንት ቆጪ ሰፈር እንዳለችኝ ያሏትን ልብሶች ፈተንኩ። ከሱሪዎቿ ሁለቱን ብቻ ነው ራሷ ያወረደችው፣ ሌላውን ሁሉ «እማ ነይ» አለች።

አኮዋን አናገርኳቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቤት ቀሚሱን ትለብሳለች፣ ይመርቋታል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከዚያ ቀይራ ትሄዳለች። መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ የሚስን የአሸዋውን ነገር ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ሹራቡን እኔ ልሥራላት» አሉ። አሁን ክር ሊገዙ ነው።

ልብስ ሰፊው፣ አንድ ጥያቄ አለችኝ። በእጅ የተሠራ ሹራብ ላይ ቁልፍ ከሆነ አትችለውም፣ ዚፕ ይገባለታል? ኪስስ ይኑረው?

ልብስ ሰፊው

ይገባለታል። ሲሠሩት ከፊት መሃል ለመሃል ክፍት እንዲያደርጉትና ሁለቱን ጠርዝ ጠበቅ አድርገው እንዲጨርሱት ይንገሩልኝ፣ የላላ ጠርዝ ላይ ዚፕ ይጨማደዳል። ዚፑ የፕላስቲክ፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው ይሁን። መጎተቻው ላይ አጭር ጨርቅ እሰፋለታለሁ፣ በጣቷ ለመያዝ ይቀላታል። ታች ያለውን ማገናኘት ገና አትችልም፣ እሱን ሚሷ ታግዛታለች፣ ወደ ላይ መሳቡን ግን ራሷ ታደርገዋለች። አገጯን እንዳይነክሳት ከላይ ጫፉ ላይ ትንሽ ጨርቅ አጥፌ እሸፍንበታለሁ።

ኪስ ይኑረው፣ አንድ ይበቃል፣ ከውጭ። ልጆች ድንጋይ ይሰበስባሉ። ሹራቡ ሲያልቅ ሚጡን ይዘዋት ይምጡ፣ ክንዷን ሳልለካ ዚፑን አልቆርጠውም።